የሃያ ሳንቲሜትር ግድግዳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

የሰኞ ስብሰባ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል። ጉዳዩ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አዲስ አባባል ይዞ መጥቷል። «በመርህ ደረጃ»። ባለፈው ወር «ከዚህ አንጻር» ነበር። እሱ ራሱ አራት ጊዜ አለው። ሌሎቹ... ቆጠርኩ... አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። የውሃ መስመር መሐንዲሱ «በመርህ ደረጃ መስኮቱን ብንከፍተውስ» ሲል ቀለደ ብዬ ቀና አልኩ። አልቀለደም።

ሥራ አስኪያጁ እጅጌውን ሰበሰበ። ሁሉም ሰበሰበ። ደብተሩን ገለጠ። ሁሉም ገለጠ። አጠገቤ የተቀመጠው ድራፍትስማን አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ምን ይሆን ይህን ያህል የሚጽፈው? በጎን አጮልቄ አየሁ። ቀኑን ጽፎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ሦስተኛውን መስመር እያሰመረ ነበር።

ይህን ሰው ቢሮው በሙሉ «ልክ ነዎት» ነው የሚለው። ከዚያ ሌላ ቃል ከአፉ ስለማይወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት የሕንፃ ፕላን ሥሎልናል። መሐንዲሶቹ የሚሉትን ይሥላል፣ እኔ በቀይ አርማለሁ፣ እሱ ያስተካክላል። እጁ የተባረከ ነው። ግን «ሊዘንብ ነው» ስትለው «ልክ ነዎት»። ዞር ብለህ «የለም፣ አይዘንብም» ስትለውም «ልክ ነዎት»። ሰው ነው ወይስ ገደል ማሚቶ?

ስምንት የተማረ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ። አንገት አንድ ብቻ።

እኔ አልነቀነቅኩም። ይህ ይመዝገብ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

የመጋዘን ፕላን ስመረምር ዋልኩ። ሠላሳ አንድ ስህተት። ደረጃው ቀጥ ብሎ ወርዶ አምድ ላይ ያርፋል... ሰውየው ከደረጃ ሲወርድ አምዱን አቅፎ ሊቆም ነው? ይህን ያሰበው ሰው ዲግሪ አለው። አይቶ ያሳለፈው ሁለት ዲግሪ አለው።

ቀይ እስክሪብቶዬ እንደ ልማዱ ደረቀ። ግዢ ክፍል የሚያመጣልን እስክሪብቶ አንድ ሁለቴ ካልተጫረ ሥራ አይጀምርም። እሱም እንደ ሠራተኛው ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴና ልጄ ሳሎን ተቀምጠዋል። ጸጥታ። ቢያንስ ቤቴ ውስጥ ጫጫታ የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ የሰማሁትን ጉድ እንዴት ብዬ ልጻፍ?

ከረፋዱ ላይ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ባለፈው ዓመት ፕላኑን የሠራንለት ባለ አንድ ፎቅ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት። መስከረም ላይ ነው ሥራ የጀመረው።

«ለወቀሳ አልመጣሁም» አለች። «የግድግዳውን ምክንያት እንድታስረዱኝ ብቻ ነው።»

«የትኛው ግድግዳ?» አልኩ።

«ኮሪደሩን የዘጋው።»

ኮሪደር የዘጋ ግድግዳ። መጀመሪያ የምታወራው ስለ ሌላ ትምህርት ቤት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ምድር ቤቱ ላይ ረጅም ኮሪደር አለ። በአንዱ ጫፍ የመምህራን ክፍል፣ በሌላው ጫፍ የመማሪያ ክፍሎች። መሐል ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ ድፍን ግድግዳ። በር የለው፣ ቀዳዳ የለው። መምህራኑ በጓሮ በር ወጥተው፣ ሕንፃውን ዞረው፣ በኳስ ሜዳው ጠርዝ አልፈው ነው ክፍል የሚገቡት።

«አራት ደቂቃ ይወስዳል» አለች። «ተማሪዎቹ መስኮት ላይ ጠባቂ መድበዋል። መምህሩ ሜዳው ጋ ሲደርስ ወሬው ክፍል ገብቷል። ስለዚህ ስንገባ ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ነው የምናገኘው። መምህራኑ በስብሰባ ላይ የተማሪው ሥነ ምግባር ተሻሽሏል ብለው አመስግነዋል።»

«ወላጆች ሲጠይቁ ምን ትሏቸዋላችሁ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የእሳት መከላከያ ነው ብያለሁ።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለዎት?» አልኩ።

«ማንም። ፕላኑ ላይ አለ ተባልኩ። ፕላን ላይ ያለ ነገር መቼም ምክንያት አያጣም ብዬ...»

ሥራ አስኪያጁ «በመርህ ደረጃ የእሳት መከላከያ ሊሆን ይችላል» አለ።

«በየትኛውም ደረጃ አይችልም» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ሄጄ አየሁት። ግድግዳው አለ።

አለ ብቻ? ተለስኗል። ሁለት እጅ ቀለም ተቀብቷል። ከሥሩ እንደ ሌላው ግድግዳ የወለል ጠርዝ ተገጥሞለታል። ማብሪያ ማጥፊያ አለው። የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቅሎበታል፤ ሰሌዳው ላይ «በኮሪደር መሮጥ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የት ነው የሚሮጡት? ወደ ግድግዳው?

ድራፍትስማኑና የግንባታው ፎርማን አብረውኝ ነበሩ። «አንድም ሰው... አንድም... ይህ ምንድነው ብሎ የጠየቀ የለም?» አልኩ። ፎርማኑ ጫማውን አየ። ድራፍትስማኑ ጣሪያውን አየ። ልክ ነኝ እንኳን አላለኝም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩን ለእኔ ሰጠኝ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት አጥፊው እንዲታወቅ ይፈልጋል። የአጥፊው ስም እስከ ጥቅምት 20 ይቀርባል፤ ስሙ የወጣው ሰው ይሰናበታል።

እውነቱን ልጻፍ። ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ስናገረው የኖርኩት ነገር ነው። ሰው ሁሉ ከፊቱ ያለውን ሰው ጀርባ እያየ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው ሰው ገደል ቢገባ አሥረኛው «መንገዱ ይኸው ነው» ብሎ ይከተላል። አሁን ማስረጃው በብሎኬት ተገንብቶ፣ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ቆሞልኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ምርመራ ጀመርኩ። ቃል በቃል እመዘግባለሁ።

ግንበኛው፦ «ፎርማኑ ገንባ አለኝ፣ ገነባሁ።» አልገረመህም? «በጣም ገረመኝ እንጂ።» ታዲያ? «የሚገርም ነገር ሁሉ ቢጠየቅ ሥራው መቼ ያልቃል?»

ቀለም ቀቢው፦ «እኔ ስደርስ ቆሞ ነበር።»

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፦ «ግድግዳ ካለ ማብሪያ ማጥፊያ ይኖራል ብዬ ነው።»

«ምኑን ነው የሚያበራው?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ሽቦ የለውም። ፕላኑ ላይ ሽቦ አልነበረም። ግን ግድግዳው ባዶውን ሲታይ ቅር አለኝ።»

ደሜ ፈላ። ውሃ ጠጣሁ። ፎርማኑን አስጠራሁ።

«እኔማ ደውዬ ነበር እኮ፣ ኢንጂነር» አለ።

«የት?»

«ቢሮ። ይሄ ኮሪደር ላይ ያለው ግድግዳ ስህተት ይሆን እንዴ ብዬ። አንድ ሰውዬ አነሳ። ገና ሳልጨርስ ‹ፕላን ማንበብ አትችልም? ዓይን የለህም? የተሣለውን ሥራ› ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።»

«ማን ነው?»

«ስሙን አልነገረኝም።»

«ድምፁን ብትሰማው ትለየዋለህ?»

ባርኔጣውን በሁለት እጁ አዞረው። «በርቀት ከሆነ ልለየው እችላለሁ። በቅርብ ግን...» ብሎ ተወው። ምን ለማለት ነው? ይህ ሕዝብ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አይችልም።

ያንን ባለጌ ማግኘት አለብኝ። ሰው ሥራውን አክብሮ ደውሎ እንደዚያ ይመለስለታል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ከሰንሰለቱ ጫፍ ደረስኩ። ግድግዳው ከመሐንዲሶቹ የመጀመሪያ ፕላን ላይ የለም። ለግንባታ በወጣው ፕላን ላይ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ሰው ድራፍትስማኑ ብቻ ነው።

ጠራሁት። በሩን ገርበብ አድርጎ እንደ ሁልጊዜው ግማሽ ሰውነቱን አስገባ።

«ግድግዳውን የሣልከው አንተ ነህ?»

«ልክ ነዎት።»

«ከራስህ አምጥተህ?»

የበሩን እጀታ ያዘ።

«ሰው አዞህ ነው?»

ቀይ እስክሪብቶዬ የተሰካበትን የኮት ኪሴን ያያል። ፊቴን አያይም፣ ኪሴን።

«ማን አዘዘህ? ሥራ አስኪያጁ ከሆነ አትፍራ። እኔ አለሁልህ።»

እዚህ ላይ ሊስቅ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። አልሳቀም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ኢንጂነር» አለ። «የሚፈረም ነገር ካለ ልፈርም።»

ፈረመ። የእምነት ቃሉን ረቂቅ ለምርመራው ማለቂያ ብዬ አዘጋጅቼው ነበር። ሳያነበው ፈረመ። ሃያ ሁለት ዓመት የኖረበት ቢሮ... ልጆቹ ገና ትምህርት ላይ ናቸው። በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል? ይህን ሁሉ ያውቃል። ግን የሥራ አስኪያጁን ስም ከመጥራት መሰናበት መረጠ። ፍርሃት እስከዚህ ድረስ።

በጣም ተናደድኩበት። አዘንኩለትም። ሁለቱን ለይቼ ማወቅ አቃተኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ሪፖርቱ ላይ አባሪ እንዲሆን ያረምኩትን ዋናውን ወረቀት ፈለግኩ። ያለው መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤቱን የምትይዘው የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት። እትዬ። ከሁላችንም በፊት የነበረች፣ ከሁላችንም በኋላ የምትኖር። ቢሮው ውስጥ «አንተ» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።

«ያንን ወረቀት ትፈልገዋለህ?» አለች።

«አዎ።»

«የእውነት?»

«እትዬ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«እንዲያው ነው።» ቁልፏን አነሳች። «ምርመራህ እንዴት ሆነ?»

«ፎርማኑን በስልክ የሰደበውን ሰው ብቻ ነው ያጣሁት። እርስዎ ነዎት ስልክ የሚያገናኙት። ማን ጋ እንዳስተላለፉለት ትዝ ይልዎታል?»

ቁጭ ብላ አየችኝ። ሰው የጠፋበትን መነጽር ግንባሩ ላይ አድርጎ ሲፈልግ እንደሚታየው ዓይነት አስተያየት ነው።

«አንተ ልጅ፣ በደረጃው ስትወጣ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»

«ምን ይባላል?»

«‹እሳት አደጋ መጣ› ነው የሚባለው።»

«ለምን እሳት አደጋ?»

«ድምፅህ ከሩቅ ይሰማል። ሰዉም መንገድ ይለቃል።»

ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝና ወጣች። በሩንም ዘጋችው። እሷ በር ዘግታ አታውቅም።

የእኔ ፊርማ አለ። ያለፈው ዓመት ኅዳር። አሥራ አራት እርማት፣ በቁጥር፣ በቀይ፣ በሥርዓት። እና ኮሪደሩ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ቀይ መስመር። ቁጥር የለውም። ማብራሪያ የለውም። ሲጀምር የደበዘዘ፣ መሐል ላይ የሚቆራረጥ፣ ሲጨርስ የወፈረ።

የዚህን የዕለት ማስታወሻ ሽፋን ገልብጬ አየሁ። አርባ... ሃምሳ ጭረት። ሁሉም ሲጀምሩ የደበዘዙ፣ ሲጨርሱ የወፈሩ።

እስክሪብቶዬን ሞክሬበት ነው።

ግድግዳ አላዘዝኩም። እስክሪብቶ ነው የሞከርኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

እንቅልፍ አልነበረም። ጠዋት ድራፍትስማኑን ራሴ ሄጄ ክፍሉ አገኘሁት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እሱ ክፍል ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። ተቀመጥ አልኩት። ተቀመጠ። ልክ እንደ ትእዛዝ።

ወረቀቱን አሳየሁት። «ይህን መስመር ስታይ ምን አልክ?»

ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ... ይህ ሰው ማውራት ይችላል።

«ሁለት ቀን አየሁት» አለ። «ለሌሎቹ እርማቶች ሁሉ ጽፈውባቸዋል። ለዚህ አልጻፉም። በጣም ግልጽ ስለሆነ ይሆናል አልኩ። ለእኔ ብቻ ይሆናል ያልገባኝ። ልጠይቅ ሦስት ጊዜ በርዎ ጋ መጣሁ። መጀመሪያ ስመጣ በስልክ ላይ ነበሩ። ሁለተኛ ስመጣ አንዱ የመዋቅር መሐንዲስ ከቢሮዎ ሲወጣ አየሁት። ዓይኑ ቀልቷል። ሦስተኛ ስመጣ ‹ይህንን ያልተረዳ ሰው እዚህ ቢሮ ምን ይሠራል› ሲሉ በበሩ ሰማሁ። ለማን እንደሆነ አላውቅም። ተመለስኩና ግድግዳ አድርጌ ሣልኩት።»

«ለምን ሃያ ሳንቲሜትር?»

«አሥራ አምስት እንደማይወዱ ስለማውቅ።»

ምን ይባላል ለዚህ? ወጣሁ።

ፎርማኑ ያኔ ከግንባታው የደወለውም እኔ ጋ ነው። እንደዚያ የሚመልስ ሌላ ማን አለ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ለባለቤቴ ግማሹን ነገርኳት። መስመሩን ነገርኳት፣ ስልኩን አልነገርኳትም።

«ሰው ሁሉ ሥራ አስኪያጁን ይከተላል ብዬ ነበር» አልኩ። «ለካስ እኔን ነው የሚፈራው። እንዴት ሳላውቅ?»

ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም። «አንተ ወደ ቤት ስትገባ ቴሌቪዥኑ ለምን ይጠፋል?»

«ጠፍቶ ነው የማገኘው።»

«አዎ። ለምን ጠፍቶ ታገኘዋለህ?»

ልጄ ከክፍሏ ሆና ሰምታለች። «አባዬ፣ የውጭ በሩ ሲንቋቋ ነው የምናጠፋው» አለች። «አሁንማ የጎረቤት በር ሲንቋቋም እናጠፋለን።» ሁለቱም ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

ቴሌቪዥኑን ራሴ ከፈትኩት። ምን እንደሚያዩ እንኳን አላውቅም። ልጄ መጥታ ድምፁን ቀነሰችው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ዛሬ ለሥራ አስኪያጁ እውነቱን መንገር ነበረብኝ። ነገ ሪፖርቱ ይቀርባል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ስልክ ላይ ነበር። ተመለስኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ኮቴን አስተካከልኩ። ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። ሲስቅ መረበሽ ጥሩ አይደለም ብዬ ተመለስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄድኩ። ማንም አብሮት የለም፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሰውየው ብርቱካን እየላጠ ነው። ቀና ብሎ «ምነው፣ ኢንጂነር?» አለኝ። «በመርህ ደረጃ ሪፖርቱ ነገ ይደርሳል» አልኩት።

በመርህ ደረጃ። ከእኔ አፍ።

ይህ ሰው እዚህ ከተሾመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንድም ሰው ላይ ጮሆ አያውቅም። ምኑን ነው የፈራሁት? ብርቱካኑን? ድራፍትስማኑ እኮ በራፌ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሞ የተመለሰው ከበሩ ጀርባ እኔ ስላለሁ ነው። እኔስ?

እትዬ ከጠረጴዛዋ ሆና ሦስቱንም ጉዞ ቆጥራለች። «አራተኛ ትመጣ ይሆን ወይስ ልዝጋ?» አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

ተናገርኩ።

ትልቁ የስብሰባ ክፍል። ሥራ አስኪያጁ፣ መሐንዲሶቹ፣ ርዕሰ መምህርቷ፣ ከባለቤቱ መሥሪያ ቤት የመጣ ተወካይ። ድራፍትስማኑ በር አጠገብ ባለው ወንበር ጫፍ ላይ። አዲስ ከረባት አስሯል። ለመሰናበት ከረባት የሚያስር ሰው ካለ እሱ ነው።

የተፈረመውን የእምነት ቃል ከፋይሉ አወጣሁና ቀደድኩት። ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋሁ። መስመሩ የእኔ መሆኑን፣ ትእዛዝ እንዳልሆነ፣ ስልኩንም ያነሳሁት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። አንድም ቃል አላሳመርኩም። «የሚጻፈው ስም የእኔ ነው። እሱ የተሣለለትን ነው የሣለው። ምንም ጥፋት የለበትም።»

ሁሉም ሥራ አስኪያጁን አየ፤ ፊታቸውን ምን ማድረግ እንዳለባቸው ለማወቅ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ተወካዩን አየ። ተወካዩ የሚያየው ሰው አጣና ሰዓቱን አየ።

ያኔ ከበሩ አጠገብ ድምፅ መጣ።

«አይደለም።»

ሁሉም ዞረ። ድራፍትስማኑ ቆሟል።

«ምኑ ነው አይደለም?» አልኩ።

«ጥፋት የለበትም ያሉት። ግማሹ የእኔ ነው።»

«አይደለም አልኩህ እኮ። መስመሩ የእኔ ነው።»

«መስመሩ የእርስዎ ነው። ግድግዳው የእኔ ነው። ግድግዳ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።»

«እንዴት ታውቃለህ? ሊገባህ አይችልም ነበር።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ፕላን ስሥል ኖሬ ኮሪደር በግድግዳ እንደማይዘጋ አይገባኝም? አውቄ ነው የሣልኩት። ስሥለው ሆዴ ‹ተው› ይለኝ ነበር። ብሥለው የሚጠየቁት እርስዎ ናቸው፣ ባልሥለው የምጠየቀው እኔ ነኝ አልኩ። ቀላሉን መረጥኩ።»

«ተቀመጥ» አልኩት። ጥፋቴን ሊቀማኝ ነው የመጣው?

«አልቀመጥም» አለ።

ፊቱ ቀልቷል፣ ግን አልተቀመጠም። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ለእኔ አልታዘዝክም ብዬ?

ርዕሰ መምህርቷ እጇን አወጣች። እንደ ተማሪ። «እኔም የእሳት መከላከያ ነው ያልኩት ከራሴ ነው» አለች። «ይህም ይጻፍልኝ።»

ተወካዩ «ስንት ስም ልጻፍ ታዲያ?» አለ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና «ይህንን እኛው እንጨርሰዋለን፣ ግድግዳውን ደግሞ እናፈርሰዋለን» አለ። በመርህ ደረጃ አላለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ደብዳቤ ደረሰን። ለሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ማንም አልተሰናበተም። እኔ ከክፍል ኃላፊነቴ ለስድስት ወር ተነስቻለሁ፤ መመርመሬን እቀጥላለሁ። አዲስ ደንብም አለ። ቃል ያልተጻፈበት ቀይ ምልክት ትእዛዝ አይደለም፤ ድራፍትስማኑ ያልገባውን ወረቀት ሳይሠራ ይመልሳል። የግድግዳውን ማፍረስ ለእሱ ሰጥተውታል፤ እዚያ ቦታ አለቃው እሱ ነው።

ደብዳቤው ላይ ሁለት የሰዋስው ስህተት አለ። በቀይ ካሰመርኩባቸው በኋላ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገባኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

የመጀመሪያው ተመላሽ ወረቀት ዛሬ መጣ። ከእርማቴ አጠገብ በእርሳስ፣ በጣም ትንንሽ ፊደል፣ «ይህ ምን ማለት ነው?»

ደሜ እስከ ጆሮዬ ወጣ። ምን ማለት ነው? ግልጽ አይደለም እንዴ? ሠላሳ ዓመት... በሩን ዘጋሁ። ከመስኮቱ እስከ በሩ ተመላለስኩ። ከዚያ እርማቴን እንደ ሌላ ሰው ሆኜ አነበብኩት። «ከላይ እንደተባለው ይስተካከል» ይላል። ከላይ ምንም አልተባለም።

ጻፍኩለት። አምስት መስመር። በመጨረሻ «አመሰግናለሁ» የሚለውን ጽፌ ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ግድግዳው ፈረሰ።

ማንም ሂድ አላለኝም። ሄድኩ። ተማሪ የለም፣ ሕንፃው ባዶ ነው። ፎርማኑና ሁለት ሠራተኞች መዶሻ ይዘው ቆመዋል። ድራፍትስማኑ ፕላኑን ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። ማብሪያ ማጥፊያውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ራሱ መጥቶ ነቅሎ ወስዶታል።

ስገባ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፎርማኑ መዶሻውን አወረደ።

«ከየት እንጀምር፣ ኢንጂነር?»

ዝም አልኩ። እግዜር ያውቃል፣ ቀላል አልነበረም። ከየት እንደሚጀመር አውቃለሁ። መዶሻው እንዴት እንደሚያዝም አውቃለሁ፤ አያያዛቸው ልክ አልነበረም። «አለቃው እሱ ነው» አልኩና ወደ ድራፍትስማኑ አመለከትኩ። ፎርማኑ አላመነኝም። ወጥመድ ነው ብሎ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሱን ያያል። ሁላችንም ቆምን። ግድግዳውም አብሮን ቆመ።

«ከላይ ጀምሩ» አለ ድራፍትስማኑ በመጨረሻ። እኔን ሳያየኝ።

መዶሻ አነሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እዚያ አይቁሙ፣ ኢንጂነር። አቧራው ወደዚያ ነው የሚሄደው። ወዲህ ይምጡ።»

መስኮቶቹን አየሁ። የተከፈቱት በየት በኩል እንደሆነ አየሁ። ነፋሱ ጀርባዬን ይነካኛል።

«ወደ እናንተ የሚመጣ መሰለኝ» አልኩ። በዝግታ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ትንሽ አሰበ። የእውነት አሰበ። «አይመጣም» አለ።

«እሺ» አልኩና አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

መጣ። በመጀመሪያው ምት ሙሉው ልስን ተንዶ አቧራው ኮሪደሩን ሞልቶ እኛ ላይ አረፈ። እሱ ነጭ ሆነ። እኔ ነጭ ሆንኩ። ብንሳል ብንሳል አያልቅም። ዓይኑን እየጠረገ «ተሳስቻለሁ» አለኝ። ደነገጠ አልልም፤ ዝም ብሎ ነገረኝ። «በሚቀጥለው ያኛው መስኮት ይከፈት» አለ ለፎርማኑ፤ ተከፈተ፤ ሥራው ቀጠለ።

ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ ነበር። ባለቤቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አቧራ።»

«ወዴት እንደሚመጣ አላወቅክም?»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ነገርኩት። አይመጣም አለኝ።»

«አንተም እዚያው ቆምክ?»

«ቆምኩ።»

ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ እስኪያስነባት ሳቀች። ልጄ ምን እንደሆነ ልታይ መጣች፤ እሷም ሳቀች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ኮቴን የት እንደማደርገው ጠየቅኩ። «በረንዳ ላይ» አሉኝ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ወስጄ ሰቀልኩት።